ዘነበችን ቡዳ ናት ያልኩ ጊዜ

ልጆቹ «አያቴ፣ የድሮውን ንገሪን» ይሉኛል። ስደቱን እነግራቸዋለሁ፤ ይህን ግን ለነሱም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። እናንተ ስሙኝ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ ገና ከሱዳን እንደመጣን፣ ኦክላንድ ከዘነበች ጋር አንድ አፓርትመንት ይዘን ነበር። ሆቴል እናጸዳለን፣ ስንመለስ የሰው ሱሪ እናሳጥራለን። አርባዎቹን ተሻግሬ ነበር መሰለኝ፣ አንድ ቀን ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ አለኝ። ሳቀርበው ይደበዝዛል፣ ሳርቀው ክንዴ አነሰኝ። ከመንገድ ማዶ የአውቶቡሱን ቁጥር አያለሁ፣ የእጄን መርፌ አላይም! ከሩቅ እያየ ከቅርብ የሚታወር ሰው ምን ነክቶት ነው?

ቀና ስል ዘነበች ዓይኗን አጥብባ እጄን ትኩር ብላ ታያለች። አባቷ ቀጥቃጭ እንደነበር አምናኝ ነግራኛለች። አምናኝ! እኔ ያንኑ አንስቼ መታኋት።

«ዓይኔን በላችኝ» አልኩ ለአንዲት ሴት።

«ማን?»

«አብራኝ ያለችዋ ናታ፣ አባቷ ቀጥቃጭ ነበር።»

«ውይ፣ የቀጥቃጭ ልጅ ናት? ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሙቭ አድርጊያ፣ ቤት ቀይሪ!»

የነገርኩት ለአንድ ሰው ነው። አንድ ሰው ይበቃል።

ክርስትና ተጠርተን ዘነበች ስትገባ እናትየው የሕፃኑን ፊት በነጠላ ሸፈነች። ዘነበች ያንን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች። ምን ነበር አንዲት ቃል ብተነፍስ? እኔ እቴ፣ ወጥ ማውጣቴን ቀጠልኩ።

በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ሳን ሆዜ ወረደች። «እህቴ፣ ዓይንሽን ይማርልሽ» አለችኝ ከበሩ ላይ። እህቴ አለችኝ።

እሷ ሄደች፣ ዓይኔ ግን አልተመለሰም። ቆይቶ ከፋርማሲ መደርደሪያ መነጽር አንስቼ ባደርግ የመርፌው ቀዳዳ ቁልጭ አለ። «የዕድሜ ነው፣ ማንም አያመልጠውም» አሉኝ። ያኔስ ለምን ሳን ሆዜ አልሄድኩም? አፈርኩ ልበል? አልልም። እኔ ነኝ ያልኩት፣ እኔ ነኝ ዝም ያልኩት። ዛሬም መርፌ ይዤ ቀና ማለት እፈራለሁ፤ ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ይመስለኛል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ማረፏን ሰምቼ ለቅሶ ሄድኩ። እህቷ ማን መሆኔን ሳታውቅ አጠገቤ ተቀምጣ ታወራ ነበር፦ ኦክላንድ ሳለች የዘነበችም ዓይን መርፌ አላይ ብሎ ነበር አለች። መጠየቅ አፍራ፣ አብራት የምትኖረዋ ሴት ክር እንዴት እንደምታስገባ እጅ እጇን ታይ ነበር።