ታስሮ የተገኘው ሙክት

የበግ ንግዴን ኢንተርኔት ላይ ያወጣሁት፣ ከተማችን ሞላሌ ላይ መብራት ካለበት ቀን የሌለበት በሚበዛበት ዘመን ነው። ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት ከኢንተርኔት ቤት ባለቤትና ከራሴ ስህተት ነው፤ ሁለቱም ዲግሪ አይሰጡም።

ገጹ ላይ እያንዳንዱ በግ አንድ ረድፍ አለው፤ ቁጥሩ፣ መልኩ፣ ከዚያ «አለ» ወይም «ተይዟል»። ገዢ ሲደውል «ተይዟል» ብለን እናስተካክላለን፣ መዝገቡን የያዘው ዳታቤዝም ስንት ረድፍ እንደለወጠ ይናገራል። አንድ ካለ ደግ። ዜሮ ካለ ግን በጉ አልተመዘገበም ማለት ነው ብዬ፣ እንደ አዲስ በግ እንዲመዘግበው ፕሮግራሙን አዝዤው ነበር። አዲስ በግ ደግሞ «አለ» ተብሎ ነው የሚገባው። ብልጠት መስሎኝ።

ለፋሲካ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ያደለቡትን ጥቁር ሙክት ሽጥልኝ ብለው አደራ ሰጡኝ። የእሳቸው አደራ ከተበላሸ እስከ ጎረቤት ከተማ እስከ ዘመሮ ድረስ በግ የሚያምነኝ እንደሌለ አውቃለሁ።

አንድ የአዲስ አበባ ሰው ደውሎ ያዘው፤ ባለቤቴም ገጹ ላይ «ተይዟል» ብላ አስተካከለችው። እኔ ከገበያ ስመለስ ነገረችኝ፤ ለማንኛውም ብዬ እኔም «ተይዟል» ብዬ ደገምኩት። ዜሮ አለኝ። በጉ የት ጠፋ ስል፣ ለካ ያዘዝኩት ፕሮግራም ሳላውቅ «አለ» ብሎ ሁለተኛ መዝግቦታል። በማግስቱ አንድ የደብረ ብርሃን ሰው ሲደውል፣ ባለቤቴ «አለ» የሚለውን ረድፍ አይታ፣ ሌላ ጥቁር ያመጣሁ መስሏት እሺ አለችው።

ቅዳሜ ሁለቱም ገመዳቸውን ይዘው ደጄ ቆሙ። ሽማግሌውም መጡ። ኮምፒውተሩ ዜሮ ስላለኝ ነው ብዬ አስረዳሁ፤ ሽማግሌው ሰሙኝና ጠየቁኝ።

«ሙክቱን እሰር ብዬ ብልክህና ታስሮ ብታገኘው፣ ስንት አሰርክ?»

«አንድም አላሰርኩም፣ አባባ።»

«ታዲያ ሙክት የለም ብለህ ትመጣለህ?»

የአዲስ አበባው ሰው ሳቀ። የደብረ ብርሃኑ አልሳቀም፤ ለሱ በጉ ገና አልታሰረም። ሙክቱ ቀድሞ ለያዘው ተሰጠ። ለሁለተኛው ለቤታችን ያስቀመጥኩትን በግ በዚያው ዋጋ ለቀቅኩለት፤ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ባዶውን አይመለስም። ባለቤቴ ነጠላዋን አጣፍታ ዶሮ ልትገዛ ወጣች።

ወዲያው ፕሮግራሙን አስተካከልኩት፦ መጀመሪያ በቁጥሩ ፈልግ፤ ከሌለ ብቻ መዝግብ፤ በጉ ካለና የተለወጠው ረድፍ ዜሮ ከሆነ፣ ቀድሞም እንደፈለግነው ነው፣ ተወው።

ፋሲካን በዶሮ ዋልን። በሳምንቱ ሽማግሌው አንድ ነጭ በግ እየጎተቱ ብቅ አሉ። እፎይ ማለቴን እንዳያዩብኝ ወዲያው ኮምፒውተሩን ከፈትኩ።

«ጻፈው» አሉኝ፤ «አንዴ ብቻ።»