«ነይ፣ ውሰጂው»

ዛሬ ጠዋት አንዲት ልጅ ሱቄ መጥታ የአንሶላ ዋጋ ጠየቀች። ነገርኳት፤ ግማሹን ጠራችልኝና ጀርባዋን ሰጥታ ሄደች። አካሄዷን አውቀዋለሁ። መርካቶ ያደገ ሰው እንዲህ ሲሄድ እግሩ ወደ ፊት፣ ጆሮው ግን ወደ ኋላ ነው። ሁለት ሱቅ ሳታልፍ «ነይ እህቴ፣ ውሰጂው!» ብዬ ጠራኋት። ጎረቤቴ ሰይድ ሳቀብኝ።

«እትዬ አልማዝ፣ እርስዎ እኮ ለመጥራት ይቸኩላሉ። ትንሽ ቢታገሡ ራሷ ትመለስ ነበር።»

ምን ብዬ ላስረዳው?

የውሃ ምህንድስና ተምሬ በተመረቅኩ በዓመቱ፣ ውጭ አገር ሄጄ ማስተርሴን ለመሥራት ልቤ ተነሣ። ክረምት ነበር፤ ከአትክልት ተራ የሚወርደው ጭቃ የበሰበሰ ጎመን ይሸታል። እኔና ጓደኛዬ ሰዓዳ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ሳምቡሳ ይዘን መሳለሚያ ካለ ኢንተርኔት ቤት እንሰየማለን። ሌላው ሰው ዩኒቨርሲቲ የሚመርጠው በዝናው ይሆናል። እኛ ግን መጀመሪያ የማመልከቻ ገንዘብ የሚጠይቁትን ጣልን፤ ቀጥሎ ውድ ፈተና ተፈተኑ የሚሉትን። ሰዓዳ ደግሞ «በረዶ ይቅበረኝ እንዴ?» እያለች ብርዳም አገሮችን ሁሉ ትሰርዛለች። ከዚያ ሁሉ ለእኔ የተረፈልኝ አንድ ነበር፤ ስሙን እንኳ በቅጡ መጥራት የማልችለው። አመለከትኩ።

ተቀበለኝ! የትምህርቱን ክፍያ በሙሉ ማረልኝ፤ መኖሪያና ምግቡ በራሴ ነው። በዝናብ እየሮጥኩ አባዬ ጋ መጣሁ። እዚችው ሱቅ ውስጥ ፉል እየበላ ነበር።

«መጨረሻውን ጠየቅሽ?» አለኝ።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ዩኒቨርሲቲ ነው!»

«ቢሆንስ? ይህን ያህል የቀነሰ ሌላውንም ይቀንሳል። ሌላ ቦታ የተሻለ ሰጥተውኛል በያቸውና ጀርባሽን ስጪያቸው። ይጠሩሻል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

ንፉግ አልነበረም፤ የጎደለውን ከየትም ብሎ ይሞላልኝ ነበር። ግን ዕድሜ ልኩን በመጀመሪያ ዋጋ የተሸጠ ዕቃ አይቶ አያውቅም። እኔም የእሱ ልጅ ነኝ። የሌለ ዩኒቨርሲቲ ፈጥሬ፣ የእናንተ አልተስማማኝም ብዬ በትሕትና ጻፍኩ። ጻፍኩና እስኪጠሩኝ ጠበቅኩ።

መልሱ ሁለት መስመር ነበር። ምርጫዬን እንደሚያከብሩና ቦታውን ለተጠባባቂ እንደሰጡ ገልጸው መልካም ዕድል ተመኙልኝ። እውነቱን ነግሬ ለመንኳቸው፤ ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ የሞከርኩት ሁሉ ሳይሳካ ቀረ። ሰዓዳ ሄደች። እኔ አንሶላ ሳጣጥፍ ዕድሜዬ አለቀ።

አባዬ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ከሁሉ የሚያመኝ እሱ ነው። ታሞ ከተኛ በኋላ እንኳ፣ ሽበቴን እያየ፣ «እስካሁን አልጠሩሽም?» ይለኝ ነበር።

«ይጠሩኛል አባዬ» እለዋለሁ።

ልጅቷ አንሶላዋን በፌስታል ይዛ ስትሄድ ሰይድ አሁንም ይስቃል። የሄደ ይመለሳል ብሎ ያምናል፤ ገና ወጣት ነው። እኔ ግን በኪሳራም ቢሆን እጠራለሁ። ጆሮን ወደ ኋላ አድርጎ ዕድሜ ልክ መሄድ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ።