የትንሿ ዓሣ መስመር

ድሬዳዋ ሐይቅ የላትም። ወንዟም አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ስለዚህ በደርግ ዘመን ሥራዬ የዓሣ እንቁላል መለየት ነበር ስል የሚሰማኝ ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ይሳቅ። እኔም ያኔ በስንቱ ስቄያለሁ።

ከምሥራቅ አውሮፓ ተምሬ የተመለስኩ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነበርኩ፤ ሃያ ስድስት ዓመቴ። የተመደብኩባት ላቦራቶሪ ሁለት ክፍል ብቻ ነበራት፤ ሥራዋም ወባን መከላከል ነው። በአካባቢው ምንጮች የወባ ትንኝ እጭ እየለቀመች የምትበላ፣ ከጣት የማትረዝም ትንሽ ዓሣ አለች። እሷ እንቁላል የምትጥልበትን ኩሬ ፈልገን እንጠብቃለን፤ ዘሯንም እየወሰድን በከተማው ጉድጓዶች እንለቃለን። እሷ የማትራባበት ኩሬ ግን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይፈስበታል፤ እጩ ታፍኖ እንዲሞት። ዕቅዱ ይኸው ነበር።

ዓሣዋን ኩሬ ውስጥ ማየት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ጎርፍ ከየትም ሊያመጣት ይችላል። ማስረጃው እንቁላሉ ነው። እንቁላሉን ደግሞ በዓይን መለየት አይቻልም። እሷም ሆነች ጭቃ የሚልሰው ሌላው ዓሣ ሣር ሥር ላይ የሚለጥፉት ያው የሰናፍጭ ፍሬ የሚያክል ነገር ነው። እኔ የተማርኩት ይህን መለየት ነበር። እያንዳንዱ የዓሣ ዘር ከእናት ከአባቱ የወረሰው የራሱ ፕሮቲን አለው። እንቁላሉን እጨፈልቅና ከድንች ስታርች ባገነፋሁት ነገር ውስጥ አስገብቼ ኤሌክትሪክ እለቅበታለሁ። የአንዱ ፕሮቲን ቅርብ ይቆማል፣ የሌላው ይርቃል። ቀለም ሳፈስበት ሰማያዊ መስመር ይወጣል፤ የጭቃው ዓሣ ታች፣ የትንሿ ላይ። የሚያስቸግረው በረዶ ብቻ ነው። የትንሿ ዓሣ ፕሮቲን ሙቀት አይችልም፤ እንቁላሉ መንገድ ላይ ከሞቀ መስመሩ ጨርሶ አይወጣም። የጭቃው ዓሣ ግን ቢሞቅም ግድ የለውም።

እንቁላሉን ከየምንጩ የሚያመጣልኝ አንድ ሽማግሌ ነበር። ማንበብ አይችልም፤ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ በአንድ ትንፋሽ ይናገራል። በእኛ ከተማ አንቱታ ብዙም አይታወቅም፤ አባቴ የሚሆነውን ሰው አንተ ነበር የምለው፣ እሱም ልጄ ይለኛል። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት ትንሿን ዓሣ በመዳፉ ይዞ ጅራቷ ሥር ያለችውን ጥቁር ነጥብ ያሳየኝ እሱ ነው። ስታርቹን ሳማስል በበሩ ብቅ ብሎ፣ «ዛሬም ያለ ቅቤ ነው?» ይለኛል። ሁልጊዜ ያንኑ ቀልድ፤ ሁልጊዜ እስቃለሁ።

በግንቦት የአንድ ኩሬ ተራ ደረሰ። ከሁርሶ ጦር ማሠልጠኛ አልፎ ያለ፣ ዙሪያው ሣር የሆነ ትንሽ ውሃ ነው። የሽማግሌው ባሏ የሞተባት እህት እዚያ ትኖራለች፤ ፍየሎቿ የሚጠጡት ከዚያ ነው፤ ሌላ ውሃ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ይህን አልደበቀኝም።

«ትንሿ እዚያ ትወልዳለች» አለኝ። «ወላሂ፣ ሆዷ ተነፍቶ ሣሩ ሥር ስትገባ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ዓይን ማስረጃ አይሆንም» አልኩት።

«አቦ! እሺ፣ ያንቺ ገንፎ ይመስክር።»

ሰኞ ዕለት የበረዶ ሳጥኑን ይዞ ሄደ። ሲመለስ ሳጥኑን ከፍቼ እጄን ከተትኩ፤ ውሃው ለብ ብሏል። በረዶው የት ሄደ አልኩት። ሁርሶ ሳይደርሱ መኪና የተበላሸባቸው ምልምሎች መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘ። ልጆች ናቸው አለኝ፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ነበር። በረዶውን ሰብሮ አደላቸው።

ዛሬ ያንን ሰው እግሩን ብስም ደስ ይለኛል። ያኔ ግን የመጣብኝ ንዴት ብቻ ነበር። ሪፖርቱ ሐሙስ ይቀርባል፣ ኃላፊያችን ይጠብቃል፣ ይህ ሽማግሌ ደግሞ የእኔን ሳይንስ ለመንገደኛ አስልሶ መጥቷል። ሌላ እንቁላል ይምጣ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። የሞቀውን እንቁላል ጨፍልቄ ሠራሁት። የታችኛው መስመር ወጣ፤ የላይኛው አልወጣም። ለምን እንዳልወጣ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በከተማው አልነበረም። ሪፖርቱ ላይ «የትንሿ ዓሣ እንቁላል አልተገኘም» ብዬ ጻፍኩ።

ሐሙስ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነበር። እጄን አውጥቼ ተነሣሁ። «ጓድ፣ እርስዎ የመንግሥትን ንብረት በመንገድ ላይ አድለዋል፤ ለእህትዎ ፍየሎች ብለውም ላቦራቶሪውን ሊያሳስቱ ሞክረዋል» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ስድብ ለምዷል፤ እርስዎ መባል ግን አልለመደም። ጥፋቱን እንዲያምን ተጠየቀና አመነ። ከዚያ ኃላፊው ሁሉም እየሰማ፣ «የጓዲት ማስረጃ ጥርት ያለ ነው» ብሎ አመሰገነኝ። ደስ አለኝ። ይህንን መደበቅ አልፈልግም፤ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ዘይቱ ሰኞ ጠዋት እንዲፈስ ተወሰነ።

ከስብሰባው ስንወጣ ሽማግሌው ተከትሎኝ መጣ። «ልጄ፣ ሌላ እንቁላል ላምጣ፤ በራሴ እረፍት፣ በራሴ እግር» አለኝ። ሳልመልስለት አለፍኩ። እሱ ግን ዓርብ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ሄደ። እሑድ ጠዋት የሳምንቱን መዝገብ ልሞላ ቢሮ ስገባ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው። እንቁላሉን ከነሣሩ በውሃ አቁማዳ ውስጥ አድርጎ፣ አቁማዳውን በላዩ እያራሰ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ተነሥቶ ሌሊቱን በእግሩ ሲጓዝ አድሯል፤ ሙቀት እንዳይነካው። እጄን ከተትኩበት። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር።

«እዚህ እጠብቃለሁ» ብሎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

ስታርቹን አማሰልኩ፤ ስለ ቅቤው ምንም አላለም። ከማቀዝቀዣው በረዶ አውጥቼ ከላይ ከታች ደረደርኩ፣ ኤሌክትሪኩን ለቀቅኩ፣ እስከ ቀትር በኋላ ጠበቅሁ። ቀለሙን ሳፈስበት የላይኛው መስመር ወጣ። እንደዚያ ያማረ መስመር ትምህርት ቤትም አላየሁም፤ በእስክሪብቶ የተሠመረ ይመስል ነበር። ትንሿ ዓሣ እዚያ ኩሬ ውስጥ ትራባለች። ሽማግሌው በዓይኑ ያየው ልክ ነበር።

የኃላፊው ቤት በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ሄጄ ብነግረው የዘይቱ መኪና ይቀር ነበር። በዚያ ዘመን ሰው በትንሽ ነገር ይታሰር ስለነበር ፈርቼ ነው እያልኩ ለብዙ ዓመታት ራሴን አጽናንቻለሁ። ውሸት ነው። በዚህ የሚያስረኝ ማንም አልነበረም። የሚጠብቀኝ በሚቀጥለው ሐሙስ ተነሥቶ ተሳስቻለሁ ማለት ብቻ ነበር፤ ያውም ማንበብ በማይችል ሰው ፊት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። ገንፎውን ከተዘረጋበት መስተዋት ላይ ፋቅሁና ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። መስተዋቱን አጠብኩ። ጣቴ ላይ የቀረው ሰማያዊ ቀለም አልለቅ ስላለኝ እጄን ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩ።

ወጣሁ። ተነሥቶ ቆመ።

«የለችም» አልኩት። «የጭቃው ዓሣ ብቻ ነው።»

ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየ። እንዲጠራጠረኝ ፈልጌ ነበር፤ ቢጮህብኝ ምናልባት እውነቱ ያመልጠኝ ነበር። እሱ ግን አቁማዳውን አጣጥፎ ብብቱ ሥር ያዘና፣ «አቦ፣ የተማረ ይግደለኝ ይባላል» አለ። ከዚያም፣ «እንግዲህ ዓይኔ አርጅቷል ማለት ነው» አለኝ።

ሰኞ ከመኪናው ጋር ሄድኩ፤ ሥራው መጠናቀቁን የምፈርመው እኔ ነበርኩ። ዘይቱ ሲፈስ ኩሬው ጠቆረ። ትንሽ ቆይተው ትንንሾቹ ዓሦች በጎናቸው እየተንሳፈፉ መጡ። ሆዳቸው ተነፍቶ ነበር፤ ከአንዷ እንቁላሉ ፈስሶ ዘይቱ ላይ ተበትኗል። እህቱ ከሩቅ ቆማ ፍየሎቿን ይዛ ታየን ነበር። አልጮኸችም፤ ወንድሟ እሑድ ማታውኑ በጭነት መኪና ሄዶ የተማሩት መርምረው ነው ብሎ ነግሯት ኖሯል። ፈረምኩ። ከፍየሎቹ ጥቂቶቹ ጠጥተው ሞቱ፤ የቀሩትን ሸጣ ከተማ ገባች።

እሱ በገዛ ጥያቄው ከመስክ ሥራ ወጥቶ ዘበኛ ሆነ። እኔ ስወጣ ስገባ ከወንበሩ ይነሣልኛል። ተቀመጥ ስለው ይቀመጣል፤ በማግስቱ ደግሞ ይነሣል።

ከወራት በኋላ በእሱ ቦታ የተቀጠረው አዲሱ ሠራተኛ ዓሣ በጠርሙስ ይዞ መጣ። ሽማግሌው በሩ ላይ ተቀበለውና ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ዓይኑን አጥብቦ አየ፤ ደግሞ አዙሮ አየ። ከዚያ እኔ ወዳለሁበት ይዞት ገባ።

«ልጄ፣ ይቺ የትኛዋ ናት?» አለኝ።

ጅራቷ ሥር ጥቁሯ ነጥብ ከሩቅ ትታያለች።

«ትንሿ ናት» አልኩት።

«እህ» አለና ጠርሙሱን በሁለት እጁ ሰጠኝ።