ባዮሎጂ ያለፉት ጥበቃ

የመልስ ወረቀቱን ሁለቴ አረምኩት። ማመን ሲያቅተኝ ለመምህርት አስቴር ሰጠኋት። እሷም አርማ ያንኑ አገኘች... ከስድሳ አርባ አንድ።

ፈተናው የአስረኛ ክፍል ባዮሎጂ ነው፣ ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ። ተፈታኙ ደግሞ ፈተናውን ያወጣንበት ቢሮ ጥበቃ ጋሽ ኤርሱሞ። ትምህርት ያቆሙት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ እንግሊዝኛቸውም «ጉድ ሞርኒንግ» ላይ ያበቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአስረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በነበረበት ዘመን እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን ሞዴል ፈተና ያወጣ ነበር። አንዱ ጋ ክፍሉ በሙሉ ዘጠና ያመጣል፤ ሌላው ጋ ጎበዙ ልጅ አርባ ይዞ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ማን ለመሰናዶ ደረሰ፣ ማንን ቴክኒክና ሙያ ይሻለዋል... አይታወቅም። ስለዚህ የሐዲያና የከምባታ ትምህርት ቤቶች አንድ የጋራ ሞዴል ይፈተኑ ተባለ። ባዮሎጂውን ልናወጣ አምስት መምህራን ሆሳዕና ተሰበሰብን፤ ከዱራሜ፣ ከዳምቦያ፣ ከሙዱላ አንድ አንድ፣ ከሆሳዕና ሁለት፣ እኔና አስቴር። ያኔ ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት ይደራጅ ስለነበር ቁጥራችን እንኳ ልክ ነበር።

እያንዳንዳችን አስራ ሁለት ጥያቄ አወጣን። ሳልደብቅ ልናገርና በራሴዎቹ ኮርቼባቸው ነበር። መልሶቼ እንከን እንዳይወጣላቸው «አብዛኛውን ጊዜ»፣ «ካልሆነ በስተቀር» እያልኩ አጥር ሳጥርላቸው ነው የሰነበትኩት።

ከመታተሙ በፊት ይሞከር ተባለ። ግን በማን? ለተማሪ ብንሰጠው ወጣ ማለት ነው። አስተባባሪያችን፣ የዱራሜው አቶ ማቴዎስ፣ «ለጋሽ ኤርሱሞ እንስጣቸው» አለ። «ባራት ምርጫ ዝም ብሎ የገመተ ሰው አስራ አምስት አካባቢ ነው የሚያገኘው። ከዚያ በጣም ካለፉ ፈተናችን ችግር አለበት።»

ጋሽ ኤርሱሞ ዱላቸውን ከበሩ አስደግፈው ገቡ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ በግማሽ ሰዓት ጨርሰው ወጡ።

እንግዲህ አርባ አንዱን ይዘን ተፋጠጥን። አቶ ማቴዎስ ፊቱ ተለዋወጠ። «መልሱ ወጥቷል» አለ። ይባስ ብሎ ከእኔ አስራ ሁለት ጥያቄዎች አስራ ሁለቱንም አግኝተዋል። ጠዋት ጠዋት ከጋሽ ኤርሱሞ ጋር በአንድ ጋሪ እንደምመጣ ደግሞ ሁሉም ያውቃል... አራቱም ወደ እኔ ዞሩ። ምንም ባላጠፋም በመምህርነቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ጋሽ ኤርሱሞ ተጠሩ።

«መልሱን ማን ሰጠዎት?» አለ አቶ ማቴዎስ።

«እናንተ ናችኋ የሰጣችሁኝ።»

«እኛ?»

«አዎ። ረጅም ረጅሙን እያየሁ አከበብኩ። እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ረጅምና አጭር ግን አውቃለሁ። ሰው ለውሸት ይህን ያህል አይደክምም ብዬ ነው።»

ፈተናውን ገለጥን። እውነትም... ስህተቶቹ ሁለት ሁለት ቃል ናቸው፣ ትክክለኛው መልስ አንድ መስመር ተኩል። የሌሎቹ እንኳ አንዳንዱ ነው፤ የእኔ አስራ ሁለቱም እንደዚያ ናቸው።

መምህርት አስቴር ሳቋን መያዝ አቃታት። «በር ላይም ሰው የሚለዩት በዚሁ ነው ጋሼ?»

«ኧረ በር ላይማ ሌላ ነው» አሉ። «በር ላይ ብዙ ያወራ ውሸታም ነው። እውነተኛው እገሌን ፈልጌ ነው ብሎ ያልፋል። እናንተ ግን መምህራን ናችሁ፤ እውነቱ ጋ ስትደርሱ ነው የምታረዝሙት።»

በሳቅ ፈረስን። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ኮፍያቸውን ያገላብጣሉ።

«ልጄ ምሕረት አስረኛ ናት፤ ይህንን ነው የምትፈተነው» አሉ። «ቅድም ስወጣ፣ ቤት ገብቼ ረጅሙን ምረጪ ልላት አስቤ ነበር። አባት ነኝ... ከዚያ ደግሞ፣ እዚህ አልፋ ትልቁ ፈተና ላይ ብትወድቅስ? እናንተ ደርሰሻል ካላችኋት ታምናለች። ሳትደርስ ደርሰሻል አትበሏት።»

እኔ አፈርኩ፤ ከዚያ ደግሞ እኒህን ሰው በር ላይ ያስቀመጠልንን አምላክ አመሰገንኩ።

ሁለት ቀን ጨምረን ተቀመጥን። ያጠርኩትን አጥር ሁሉ በገዛ እጄ አፈረስኩ። መልሱን ማሳጠር ቀላል ነበር፤ አስቸጋሪው ለውሸቱም እንደ እውነቱ መድከም ነው። አስቴር ምርጫዎቹን በማስመሪያ እየለካች፣ «ይሄ ገና ግማሽ ጣት ይቀረዋል» ትላለች።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ኤርሱሞ እንደገና ተቀመጡ። አሁን አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀባቸው። ወረቀቱን ያዘነብላሉ፣ ያርቃሉ፣ ያቀርባሉ... ሲያስረክቡ «ዛሬስ አስቸገራችሁኝ» አሉ።

አረምን። አስራ አራት።

ከመቀመጫችን ተነስተን አጨበጨብን። አቶ ማቴዎስ አቀፋቸው። ሰው በመውደቁ ሲጨበጨብለት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እሳቸውም በመጨረሻ ሳቁ። «ታዲያ አርባ አንዷን ለማስታወሻ ስጡኛ» አሉ፤ ሰጠናቸው።

ምሕረት በጋራው ሞዴል ሃምሳ ሁለት አመጣች፤ ትልቁንም አልፋ መሰናዶ ገባች። አባቷ ሌሞ ወረዳ ወዳለው ቤታቸው ጠርተው ቅቤ የጠገበ አተካና፣ የሐዲያን የቡላ ምግብ፣ አበሉን። የሚገባውን ጎረቤት ሁሉ ወደ እኛ እየጠቆሙ «እኔን የጣሉኝ እነዚህ ናቸው» ይላሉ፣ በኩራት።

እኔም ከዚያ ወዲህ ሰው ነገር ሲያረዝምብኝ በሆዴ አንድ ነገር እጠይቃለሁ... አሁን ያለሁት ክፍል ውስጥ ነው ወይስ በር ላይ?