ማጥቆርና ማሳረር

ልጄ ከምጽዋ በጻፈልኝ የመጨረሻ ደብዳቤ ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል አልነበረም። የጻፈው ስለ ዓሣ ነው። «እማዬ፣ እዚህ ነጩን ዓሣ በበርበሬ ለውሰው እሳት ላይ ያጠቁሩትና በሩዝ ይበሉታል። ስመጣ ትሠሪልኛለሽ» ይላል። በመሠረተ ትምህርት በለቀምኳት ፊደል ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ በኋላ አምስት ወር ምንም አልጻፈም።

«ያጠቁሩታል» ያላት ቃል አስጨነቀችኝ። በእኛ ቤት የጠቆረ ምግብ አርሯል ማለት ነው። ድንገት ፈቃድ አግኝቶ ቢመጣ ሳልችልበት እንዳያገኘኝ፣ አንድ ሐሙስ ሜክሲኮ ወርጄ ሁለት ቆሮሶ ዓሣ ገዛሁ። ሩዙን ከቀበሌ ሱቅ አምጥቼ ካስቀመጥኩት ቆይቷል።

ልደታ የምንኖርበት ግቢ ማድ ቤቱ የጋራ ነው። ሩዙን ጥጄ፣ ዓሣውን በሎሚና በጨው አጥቤ፣ ጎንና ጎኑን ሰነጣጥቄ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት በዘይት ለውሼ ስቀባው ጎረቤቴ ገባች። የእድራችን ዳኛ ሚስት ናት፤ ልጄን አብራኝ ያሳደገች።

«ደግሞ ሩዝ! ማን ታመመብሽ?» አለች እየሳቀች።

«ለልጄ ነው የምለማመደው። ምጽዋ እንዲህ ነው አሉ የሚበሉት።»

ሳቋ ተቋረጠ። «ወጥ ጥጄ ነው የመጣሁት» አለችና ፊቷን አዙራ ወጣች። ማድ ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ምንም የጣደ ሰው አልነበረም። እኔ ጠርጣራ ሴት ነኝ፤ ያን ቀን ግን የጠረጠርኩት ከሰሉን ነበር፤ እርጥብ መሰለኝ።

የብረት መጥበሻው እስኪጨስ ጠበቅኩ። ዓሣውን ስጥልበት በርበሬው ተቃጠለና ጭሱ ቤቱን ሞላው። ትን አለኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ፣ ደረቴን እየመታሁ፣ እንባዬ እየወረደ ወደ ግቢው ሮጬ ወጣሁ።

ጎረቤቴ ስታየኝ የያዘችውን ጣሳ ጣለች።

«እኔን! እኔ ልቅደምልህ የኔ ጌታ! ማን ነገረሽ? ቅዳሜ ማለዳ አልነበረም እንዴ! ማነው ጨካኙ?»

ሳሌ ገና አልለቀቀኝም ነበር። «ምኑን?» አልኳት። «በርበሬው እኮ ነው።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች።

መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፣ ዘመድ ተሰብስቦ። አብነት ሰፈር ለሚኖረው ወንድሜ መልእክት ልከው፣ ድንኳኑን አዘጋጅተው፣ ቅዳሜ ሊያረዱኝ ተስማምተው ነበር። ወሬው ከደረሳቸው ሦስት ቀን ሆኖታል። ሦስት ቀን ሙሉ «እንዴት አደርሽ» ሲሉኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እያልኩ ልጅ እንዳላት ሴት ስመልስ ነበር። ክፉ አስበው አይደለም። እስከ ቅዳሜ እንኳ ትተኛ ብለው ነው።

ሰው ጩኸቷን ሰምቶ ግቢውን ሞላው። አንዷ መጥበሻውን ከእሳቱ አወረደችልኝ። ዓሣው ከሰል ሆኗል። ሩዙ ግን ደርሶ፣ እንዳማረበት ክዳኑ ሥር ተቀምጧል።

ሴቶቹ ወገቤን ይዘው ሲያስቀምጡኝ እኔ የማየው መጥበሻውን ነበር። ማጥቆርና ማሳረር የት ላይ እንደሚለያዩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቀምሶ «ይሄ ነው» ወይም «እማዬ፣ አሳረርሽው» የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር።