አስመጪው የራሳቸውን ብራውዘር የፈለጉበት ምክንያት

መርካቶ ውስጥ ብራውዘር፣ ማለትም ኢንተርኔት መክፈቻ፣ ሠርቼ አውቃለሁ ስል ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። እንደዚያ ሰሞን እየፈነጠዝኩ ሥራ የገባሁበት ጊዜ የለም።

አሠሪያችን ሞባይል አስመጪ ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ከጎጃም በረንዳ ብዙ በማይርቅ ሕንፃ ላይ፣ ከመጋዘናቸው አጠገብ፣ ለእኔና ለባልደረባዬ አንዲት ክፍል ሰጡን። ወንበር እስኪመጣ የስልክ ካርቶን ላይ ተቀምጠን ኮድ እንጽፍ ነበር።

መጀመሪያ ቀን ባልደረባዬ ፈራ ተባ እያለች ጠየቀቻቸው። «ጋሼ፣ ስልክ ሁሉ ላይ እኮ ብራውዘር አለ። ሌላ ለምን ፈለጉ?»

ጋሼ አልደበቁም። «ስልኩን ሸጬ ገዢውን ዳግም አላየውም። ኢንተርኔት የሚገባው በእኔ በኩል ከሆነ ግን በየቀኑ አገኘዋለሁ። ሲከፍት ቀድሞ የሚያየው የእኔን ዕቃ ነው። እዚያ ላይ ማስታወቂያ የፈለገ ነጋዴም ይከፍለኛል። ሰው ምን እንደሚፈልግ ካወቅሁ ደግሞ፣ ምን እንደማስመጣ አልሳሳትም።»

እንዲህ ልቡን ከፍቶ የሚናገር አሠሪ አይቼ አላውቅም።

ከዜሮ አልጀመርንም። ማንም እንዲጠቀምበት የተለቀቀ ኮድ ወስደን፣ አማርኛ አልብሰን፣ ፎቶ እያቀለለ ትንሽ ዳታ እንዲበላ አደረግነው። የመጀመሪያው ገጽ የተከፈተ ዕለት ባልደረባዬ ጫማዋን አውልቃ በካርቶኖቹ መሃል የጉራጌኛ ጭፈራዋን አስነካችው። እኔም ተከተልኩ። የመጋዘኑ ሠራተኞች ምን አግኝተው ነው ብለው መጡ፤ ነገሩ ባይገባቸውም አጨበጨቡልን።

ጋሼም ደስታው አላስቀምጥ አላቸው። ምድር ቤት ጨርቅ የሚሸጡትን ባለቤታቸውን፣ እትዬን፣ አስጠሩ። እትዬ አዲሱን ብራውዘር የጫንበት ስልክ ተቀብለው፣ ፈገግ እያሉ አንድ ነገር ጻፉ። ሰው ብራውዘሩ ላይ ጽፎ የፈለገው ሁሉ ጋሼ ኮምፒውተር ላይ ይታይ ነበር፤ ራሳቸው ያዘዙን ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው በኩራት፣ በሁላችን ፊት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

«ባል ሲያንኮራፋ ምን ይደረጋል።»

ባልደረባዬ ፊቷን በሻርፕ ሸፈነች። እኔ መስኮቱ ጋ ሄጄ ወደ ውጭ አየሁ፤ ትከሻዬ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

እትዬ አልሳቁም። «ይህን ለማን ነው የምታሳየው?»

«ለራሴ። ማስታወቂያ ለሚሰጡኝ ነጋዴዎችም።»

«እንግዲያው ማንኮራፋትህን መርካቶ በሙሉ ሊሰማ ነው።»

ጋሼ ከልባቸው ሳቁ፤ ሁላችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

በማግስቱ ጠዋት መጥተው፣ «ሲከፈት የሚመጣው ገጽ የእኔ ይሁን። ሰው የሚጽፈውን ግን እንዳታስቀምጡ» አሉን። «ይቅርብኝ። ያመነኝ ሰው ተመልሶ ይመጣል፤ እሱም ትርፍ ነው።» ሰው የሚጽፈውን የሚሰበስበውን ኮድ ያን ቀን አጠፋነው። ባልደረባዬ እያፏጨች ነበር የምትሠራው።

ብራውዘሩ ከስልኮቹ ጋር ተሸጠ። ብዙ ዕድሜ አላገኘም፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎች የራሳቸውን ቶሎ ቶሎ ሲያድሱ እኛ ሁለታችን መከተል አቃተን፤ ጋሼም በሰላም ዘጉት።

ከዚያ በፊት ግን፣ አንድ ቀን ከአማኑኤል ታክሲ ተሳፍሬ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ስልኳን ስትከፍት የእኛን ገጽ አየሁ። ለልጇ የትምህርት ቤት ቦርሳ እየፈለገች ነበር። ጥርሴን መክደን አቃተኝ።

«ምን ያስቅሃል፣ ወንድሜ?» አለችኝ።

«ኧረ ምንም» አልኩ። ያኔ መውረጃዬን አልፌው ነበር።