ወንድሜ በጥፊ ተመትቶ ዝም ያለ ቀን

ሰመራ ላይ በቡጢ የሚችለኝ የለም። ታላቅ ወንድሜ ብቻ ይሞክረኛል፣ እሱንም ስላሳደገኝ ነው የምምረው። ሁለታችንም ጎሚስታ ነን። በጅቡቲ መንገድ የፈነዳ ጎማ እኛ ጋ ነው የሚመጣው። ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አቁሜያለሁ፤ ትምህርት ቤቱ አልቻለኝም።

አባታችን አዋሽ ከተማ ላይ የሞተ ጊዜ ወንድሜ ያደረገውን አይቻለሁ። ጮኸ፣ ግድግዳ በቡጢ መትቶ እጁን ሰበረ፣ "ሶብር አድርግ፣ ቻለው" ያለውን አጎታችንን አነቀው። ከዛ ሰደቃው ላይ እያለቀሰ ሩዙን በላ። አንዱ የአባባን ቀልድ ሲያወራ ሳቀም። ሀዘን ማለት ያ ነው ብዬ ያዝኩ።

ዘንድሮ ግን ማንም ሳይሞት፣ ሥራው ሞልቶ፣ ወንድሜ ጠፋብኝ። አጠገቤ ቁጭ ብሎ ማለቴ ነው። አይበላ፣ አይተኛ፣ ጫት እንኳን አስጠላው። ሰላት የማያልፈው ሰው ለሰላት ታጥቦ ኡዱ ማድረግ ከበደው። "ምን ሆንክ?" ስለው "ምንም"። ጅን ነው ያሉም ነበሩ።

አንድ ቀን ከሰዓት አንድ የተሳቢ ሹፌር "አንተ ሬሳ፣ ፍጠን!" ብሎ በጥፊ አጮለው። ወንድሜን! አሁን ያፈርጠዋል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። ጉንጩን እንኳን አልነካም። ወደ ጎማው ጎንበስ አለ።

ሹፌሩን እኔ ተረከብኩት። በቴስታ አፍንጫውን አልኩት፣ ደሙ ሸሚዜን አራሰው። እሱም ጥርሴን አወለቀው። የታመመው ጥርስ ነበር፣ ምስጋና ይገባዋል። ሰው ገላገለን። ደም እየተፋሁ ስዞር ወንድሜ ጎማውን እየነፋ ነው፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ።

የትልቅ መኪና ቸርኬ፣ ጎማው የሚገባበት ብረት፣ ጎማውን የሚይዝ የብረት ቀለበት አለው። በደንብ ካልገባ፣ ጎማው ሲነፋ ይወነጨፍና ሰው ይገድላል። ለዚህ ነው በሰንሰለት አስረን፣ ከጎን ቆመን የምንነፋው። ይሄን በኩርኩም ያስተማረኝ እሱ ነው። አሁን ሰንሰለቱ መሬት ላይ ነው። ቀለበቱ ተንጋዷል። እሱም ቀለበቱን ያያል።

"ተነስ!"

"ተወኝ አንተ ልጅ።"

ደረቱን በእርግጫ ብዬ ጣልኩት፣ ላዩ ላይ ወደቅኩ። ቀለበቱ በላያችን ተወንጭፎ የቆርቆሮውን ጣራ በስቶ ወጣ። ጆሮዬ ጮኸ። አንገቱን ይዤ መሬት ላይ አንቀጠቀጥኩት። "ልትሞትብኝ ነው? ምታኝ እስኪ! ለምን አትመታኝም?"

"ማዘን እንኳን አቃተኝ" አለኝ። "አባባን አስቤ ላለቅስ ሞከርኩ። ምንም የለም።"

ባጃጅ ጠርተን ሆስፒታል ሄድን። ሹፌሩም ለአፍንጫው አብሮን ገባ፣ እግሬን እየረገጠ። ነርሷ አየችንና "የቱ ነው በሽተኛው?" አለች። እኔና ሹፌሩ ደም በደም ነን። ጭረት የሌለበትን ወንድሜን አሳየኋት።

ሐኪሙ "ድባቴ ነው" አለ። "ሀዘን ቢሆን ሲያለቅስ፣ ሰው ሲያጫውተው ትንሽ ይቀለው ነበር። ይሄ ያለ ምክንያትም መጥቶ ይቀመጣል። ማልቀሱንም መሳቁንም ይወስዳል። ግን ሕመም ነው፣ ይታከማል። ብቻውን አትተወው።"

አልተውኩትም። ሽንት ቤት ሲገባ እንኳን በር ላይ ቆሜ እዘፍንለታለሁ። መድኃኒቱን ይውጣል፣ ሐኪሙ ጋ እየሄደ ያወራል። ገና ነው፤ አንዳንድ ቀን አሁንም አይነሳም።

ትናንት ግን ጎማ ልነፋ ስል ሰንሰለቱን አላልቼ አስሬ ኖሮ፣ ከኋላዬ መጥቶ በኩርኩም አናቴን አለኝ። "አጥብቀው፣ ደደብ! መሞት አማረህ?"

አናቴ እስካሁን ያመኛል። አልሃምዱሊላህ።